ጡረታ የተለማመድንበት ወር

አባቴ ዘንድሮ በጥቅምት ጡረታ ሳይወጣ ጡረታ ወጣ። ለሠላሳ ቀን ብቻ። የዚያ ወር ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ነገሩን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ከእኔ በላይ ያጠፋበትም ሰው የለም፤ ይኼን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል።

መጀመሪያ ስለ እጁ። አባቴ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት የመንግሥት ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ጨርቅ ቆርጧል። ቆራጭ ነው እንጂ ሰፊ አይደለም፤ አሳስታችሁ «ልብስ ሰፊው» ካላችሁት ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል። ጨርቁ እንደ ፍራሽ ተደራርቦ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል፣ ከላይ በጠመኔ ይሰመራል፣ አባቴ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መቁረጫ ይዞ መስመሩን ይከተላል። እሱ አንዴ ከሳተ አንድ ሱሪ አይበላሽም፤ የተደረደረው ሱሪ ሁሉ ይበላሻል። ቀኝ እጁ መቁረጫውን ይገፋል፣ ግራ እጁ ከስለቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ጨርቁን ይጫናል። ትንሽ ነው የሚርቀው።

አምና ቀኝ እጁ መደንዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር፤ ሻይ ሲጠጣ ይለቀዋል። በኋላ ሻዩም አልሠራ አለ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንል መስታወት ፊት ቆሞ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት አየሁት። እናቴ መጥታ ቆለፈችለት፤ እሱም አገጩን ቀና አደረገላት። በዚያው ሰሞን ከጎኑ የሚቆርጥ ጓደኛው ሁለት ጣቱን አጣ። አባቴ ይኼን ሲነግረን ስኳር ያልጨመረበትን ሻይ ዝም ብሎ ያማስል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ የምታውቀው ቃል አንድ ብቻ ሆነ፦

«ውጣ።»

«ወዴት ልውጣ?»

«ጡረታ ነዋ! ሃምሳ አምስት ሞልቶህ የለ?»

እውነቷን ነው። ስድሳ ዓመት ሳይጠብቅ በራሱ ጥያቄ መውጣት ይችላል። ግን አበሉ ከደመወዙ ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። የምንኖረው የቀበሌ ቤት ውስጥ ስለሆነ ኪራዩ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው የተቀረው ሁሉ ነው። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ መብራቱ፣ እኔ። አዎ እኔ፤ አሥረኛ ክፍል ያለች፣ እግሯ በየዓመቱ ጫማ የሚያስቀይር ልጅ ቀላል ወጪ አይደለችም።

አባቴ ለሁለት ሳምንት ካሰበ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አስቀመጠንና ሐሳቡን ነገረን። ከመውጣቱ በፊት አንድ ወር ሙሉ ጡረታ እንደወጣ ሰው ልንኖር ነው። ከደመወዙ ላይ የጡረታውን ልክ ያህል በፖስታ ያስቀምጣል፤ የቀረው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ወሩን ሙሉ ከፖስታው ውጭ አንድ ብር አይወጣም። የእናቴም ገንዘብ አይነካም። እናቴ ከመርካቶ የልጆች ልብስ እያመጣች አጠና ተራ ትሸጣለች፤ በእጇ ያለው ብር መነሻዋ ነው፤ ነገ ዕቃ የምታመጣበት። በእኛ ቤት መነሻ መንካት ማለት የዘር እህል መብላት ማለት ነው።

«ወሩ ካለቀና ፖስታው ካልጎደለ ማመልከቻ አስገባለሁ» አለ። «ከጎደለ ደግሞ እጄ እንደ ምንም አምስት ዓመት ይችላታል።»

እናቴ እጁን አየችው።

«ወጪውን የምትጽፈው ማን ናት?» አለ ወደ እኔ እያየ።

ጥያቄ ነው እንዴ! የአማርኛ መምህራችን ባለፈው ዓመት ስለ ሰፈራችን የውሃ ሰልፍ የጻፍኩትን ድርሰት ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አንብበውልኛል። የኋላ ወንበር የሚቀመጡት፣ በሰው ሙድ ከመያዝ ሌላ ሥራ የሌላቸው ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ፤ በእኔ ሳይሆን እኔ ባሳቅኳቸው ቦታ ላይ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሚያቆመኝ ጠፍቷል። የቤታችን ቻርጀር ሲሰወር የአፋልጉኝ ማስታወቂያ ጽፌ በር ላይ እለጥፋለሁ። ለወጪው ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር መረጥኩ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክርቢቶ አሰመርኩት፣ ዳር ላይ ደግሞ አባቴ ያላዘዘኝን አንድ ረድፍ ጨመርኩ። ከላዩ «አስተያየት» ብዬ ጻፍኩበት።

«ቲማቲም፣ ግማሽ ኪሎ። ሦስቱ ደህና ናቸው፤ አንዷ ሐኪም ያስፈልጋታል።»

«ዘይት። እናቴ ድስት ውስጥ ስትጨምር የዓይን ጠብታ የምታደርግ ነው የምትመስለው።»

አባቴ ከሥራ ሲመጣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ደብተሩን ያነሳል። እየሳቀ ያነባል፤ አንዳንዱን ደግሞ ለእናቴ ይደግምላታል። ሰው የጻፍኩትን ቆሞ ሲያነብ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! በሦስተኛው ቀን በሩ እስኪንኳኳ እየጠበቅኩ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

አሁን አባቴን ማወቅ አለባችሁ። ከለካ አጥብቆ ነው የሚለካው። የፋብሪካው ሰርቪስ ጠዋት ጠዋት 18 ማዞሪያ ፌርማታው ላይ ያነሳዋል፤ ምሳም የሠራተኞች ክበብ ውስጥ በርካሽ ይበላል። በመጀመሪያው ሰኞ ግን ምሳ ዕቃውን በላስቲክ ቋጥሮ፣ ሰርቪሱን በእጁ «እለፍ» ብሎ አሳልፎ፣ በእግሩ ወደ ጦር ኃይሎች ወረደ። ፋብሪካው ደግሞ ከጦር ኃይሎችም ወዲያ ነው።

ማታ እናቴ እግሩን አየችና «ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ጡረተኛ ሰርቪስ የለውም። ክበብም የለውም። ካታለልነው ልኩ አይወጣም።»

«ጡረተኛ እኮ ሥራም አይሄድም!»

«እሱን ብቻ ዝለይልኝ» አለ።

እንዲህ እየሳቅን አንዱ ሳምንት አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ እናቴ ከገበያ ተመልሳ ዘንቢሉን ስታራግፍ እኔ ደብተሬን ይዤ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አባቴ ፀጉሩን ሊቆረጥ ወጥቷል።

«ሽንኩርት ስንት?»

«መቶ ሠላሳ።»

ጻፍኩ። እናቴ ከትከሻዬ በላይ አየችውና «ሰማንያ በይው» አለች።

«መቶ ሠላሳ አላልሽኝም?»

«አልኩሽ። አሁን ደግሞ ሰማንያ በይው እያልኩሽ ነው።»

«እና ሃምሳው ከየት መጣ?»

ዘንቢሉን ማራገፏን ቀጠለች። ቀሚሷ ሥር የምታስራትን የብር ቦርሳ ግን አየኋት፤ ዚፗ ግማሽ ድረስ ተከፍቷል። መነሻዋ ናት።

«እማዬ…»

«የአባትሽን እጅ አይተሻል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያውስ ጻፊ።»

መቶ ሠላሳውን ሰረዝኩ። ስርዝ እንዳይታወቅ ገጹን ቀድጄ እንደገና ገለበጥኩት። ከዚያ በአስተያየት ረድፉ ላይ «ሽንኩርት ዛሬ ትሕትና ተሰምቷታል፤ እናቴ ስትከራከር ሻጩ አዘነ፣ ሽንኩርቷም አለቀሰች» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ልናገር? ጽፌው ደስ አለኝ። ያልሆነ ነገር ነው፤ ግን የሆነ ይመስላል፤ እንዲመስል ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አባቴ ማታ አንብቦት «እናትሽ እኮ በክርክር ማንም አይችላትም!» ብሎ ሳቀ። እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ነገር ትሕትና ተሰማው። ዘይቱም፣ ምስሩም፣ ሳሙናውም። እናቴ እውነተኛውን ዋጋ ትነግረኛለች፣ ቀጥላ የምንጽፈውን ትነግረኛለች፣ እኔ ደግሞ ውሸቱን የሚያለብሰውን ወሬ አበጅለታለሁ። አባቴ በቁጥር ቶሎ የሚታለል ሰው አይደለም። ያመነው በእኔ ወሬ ነው። አንዳንድ ቀን ትምህርት ቤት ተቀምጬ ዛሬስ እነግረዋለሁ እላለሁ። ቤት ስገባ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ቀኝ እጁን በግራው እያሸ አገኘዋለሁ። ያኔ እናቴ ልክ ናት እላለሁ። በማግስቱ ደግሞ እንደገና ዛሬስ እነግረዋለሁ እላለሁ።

ወሩ ቅዳሜ አለቀ። አባቴ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ሁለት ጊዜ ቆጠረ።

«ተረፈ!» አለ። «ስድስት መቶ ብር ተረፈ! ሰማሽ አንቺ ሴትዮ? መኖር እንችላለን!»

እናቴን ወገቧን ይዞ አዞራት። እኔንም ግንባሬን ሳመኝና «ሰኞ ማመልከቻውን የምትጽፊልኝ አንቺ ነሽ፤ አሳምረሽ» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። አንዴ ማመልከቻው ከገባና ጡረታው ከጸደቀ በኋላ ተመልሶ ሥራ የሚሰጠው እንደሌለ አውቃለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ እሳቸውም ጡረታ ከወጡ የቆዩ ሹፌር። ከኋላቸው ሁለት የእድር ሰዎች፣ ከእነሱም ኋላ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ጎረቤታችን። ሁሉም በእጃቸው የሆነ ነገር ይዘዋል፦ ስኳር፣ ፓስታ፣ ባለ አምስት ሊትር ዘይት። ፊታቸው የልቅሶ ፊት ነው። እኔ በድንጋጤ ማን ሞተብን ብዬ ቤተሰቡን ቆጠርኩ።

ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ስለ ብርዱ ተናገሩ። ቀጥለው ስለ መንገዱ ቁፋሮ ተናገሩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

«አንተ ልጅ፣ እድሩ ስትሞት ብቻ የሚመጣ ነው የመሰለህ?» አሉት አባቴን።

«ኧረ ጋሼ! ምን አጠፋሁ?»

«በቁም ስትቸገር ለምን አትነግረንም?»

«ምን ሆኜ?»

ጎረቤታችን አላስቻላትም። «ኧረ አትደብቀን! ስንት ቀን በዓይኔ አየሁ፤ ሰርቪሱ ጥሎህ ሲሄድ፣ አንተ ምሳ ዕቃህን ይዘህ በእግርህ ስትንገላታ! ሥራ የሚፈልግ ሰው እንደሚዞር የማላውቅ መሰለህ? ልጅቷም እኔ ዘንድ መጥታ ዘይት በግማሽ ሊትር ነው የምትወስደው።»

አባቴ አፉ ተከፍቶ ቀረ። «አልተባረርኩም እኮ!»

«አዎ፣ አዎ» አሉ ሊቀመንበሩ በሐዘኔታ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እኛም ለሰው ይኼንኑ ነው የምንለው።»

«በእግዜር! አልተባረርኩም! ጡረታ እየተለማመድኩ ነው!»

ከእድር ሰዎቹ አንዱ የያዘውን ፓስታ አየው፤ መልሶ ወደ ራሱ ሊስበው ይሁን መሬት ሊያስቀምጠው ግራ ገብቶታል። ከዚያ ሊቀመንበሩ መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባቸው እስኪወርድ።

«ጡረታ ይለማመዱታል እንዴ! እኔ ሳልለማመድ ዘልዬ ገብቼ ነዋ ያልቻልኩበት!»

ሁላችንም ሳቅን። አባቴ እንኳ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ግን ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፍቶ ነበር።

«ስማኝ» አሉ። «የወጣሁ ዓመት አበሌ ጤፉንም፣ ከሰሉንም፣ መብራቱንም ይችል ነበር። ለልጅ ልጆቼ ከረሜላ ሁሉ እገዛ ነበር። ብሩ ያው ነው፤ ጨመር ሲያደርጉልንም እሰየው ነው። አሁን ግን ጤፉን ነው የሚችለው። እሱንም እስከ ወር አጋማሽ። ቸኩለህ አትውጣ።»

«የእኔ ሞልቷል ጋሼ» አለ አባቴ። ኩራት ነበረበት። «ተርፎኛልም። ልጄ፣ ደብተሩን አምጪ።»

እናቴ ብድግ አለች። «እንግዳ ተቀምጦ የምን ደብተር ነው! ልጅት፣ ሻይ አቅርቢ።»

«ሻዩ ይደርሳል። አምጪ እስቲ፣ እንዴት እንደምትጽፍ ይስሙልኝ።»

አመጣሁት። ምን ላድርግ? አባቴ መነጽሩን አድርጎ ከመሃል ገለጠና እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን ወፈር አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ቲማቲሟ ሐኪም ሲያስፈልጋት ሳቁ። ሊቀመንበሩ «ይቺ ልጅ!» እያሉ ጭናቸውን መቱ። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ነገር ነው፤ ቤት ሙሉ ሰው የጻፍኩትን ሰምቶ ሲስቅ። እኔ ግን በሩን ነበር የማየው።

«ሽንኩርት፣ ሁለት ኪሎ፣ በሰማንያ ሂሳብ» አለ አባቴ።

«በስንት?» አለች ጎረቤታችን።

«በሰማንያ።»

«የት ሄዳችሁ ነው? ነገ ኩንታል ላመጣ ነው እኮ!»

አባቴ ፈገግ እንዳለ ቀጥሎ ዘይቱን አነበበ። ያኔ እሷ መሳቋን አቆመች። «ቆይ ቆይ። ይኼ ዘይት ከእኔ ሱቅ የሄደው ነው። እኔ በዚህ ዋጋ ለማንም አልሸጥኩም፤ ለወንድሜም!»

አባቴ ደብተሩን ዝቅ አደረገ። መጀመሪያ እናቴን አየ። ቀጥሎ እኔን። ሼም ያዘኝ የሚሉት ነገር ለዚያ ቀን በቂ አይደለም፤ ፊቴ በሙሉ የጋለ ጆሮ የሆነ ነው የመሰለኝ። ሊቀመንበሩ አዋቂ ሰው ናቸው፤ ገባቸው። ሻዩን ሳይጠብቁ ተነሱ፣ ሁሉንም አስነሱ። ያመጡትን መልሳችሁ ውሰዱ ስንላቸው ደግሞ ተቆጡ። ስኳሩና ዘይቱ እኛው ዘንድ ቀረ። በእኛ ሰፈር ደግሞ የመጣ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ወደ መጣበት ቤት መሄድ አለበት፤ ለእሱም ደብተሩ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በሩ ሲዘጋ አባቴ «እውነቱ የቱ ነው?» አለኝ።

«ከሁለተኛው ሳምንት በፊት ያለው…» ብዬ ወደ ደብተሩ ጠቆምኩ።

«እሷን ተዋት» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ ያዘዝኳት። ከመነሻዬ ነው የደጎምኩት። እንድትወጣልኝ ፈልጌ።»

«መነሻሽን?» ተቀመጠ። «ለበዓል ዕቃ የምታመጪበትን?»

«እና እጅህ ተቆርጦ እስኪመጣልኝ ልጠብቅ?»

«በውሸት ወጥቼ በስድስተኛው ወር ምን ልንበላ ነበር?»

«እሱን ያኔ እናየው ነበር!»

እንዲህ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ አላውቅም፤ ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሁለቱም ልክ ሆነው። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝና እስክርቢቶ አቀበለኝ። ጨለማ ሳይይዘን እውነተኛውን ዋጋ እናቴ ከአፏ፣ እኔም ከማስታውሰው እየለቀምን እንደገና ጻፍነው። ፖስታው ስድስት መቶ ሊተርፈው ቀርቶ ገና በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ያልቅ ነበር።

አባቴ ድምሩን አየው።

«ካኪ ሲገዛ ሰፊ ነው» አለ። «ሲታጠብ ይሰበሰባል። ይኼ አበል ገና ሳይታጠብ ነው የጠበበን።»

ጡረታው እዚያ ላይ ቀረ። እናቴ ግን አልለቀቀችውም። «እሺ አትውጣ። ከመቁረጫው ግን ተነሳ። ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውሩኝ በላቸው።» ይኼን ከዚህ በፊትም ብላው ታውቃለች፤ እሱ ሁልጊዜ «ቆራጭ ቁልፍ ሊቆጥር!» ብሎ ይቆጣል። ግምጃ ቤት ውስጥ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለም፤ የፋብሪካው ሰውም «ወረደ» ነው የሚለው። ያን ቀን ግን አልተቆጣም። ወደ እኔ ዞሮ «ጻፊ» አለኝ።

«ሃያ ስምንት ዓመት ለአገር የደከመች ይህች እጅ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አይሆንም። ማሳመሩን ተይው። እኔ የምልሽን ብቻ።»

ቀስ እያለ አጻፈኝ። «ቀኝ እጄ ይደነዝዛል። መቁረጫውን ስጨብጥ መጨበጤን እጄ አይነግረኝም፤ በዓይኔ አይቼ ነው የማረጋግጠው። ስለዚህ ዓይኔ ከመስመሩ ይነሳል።»

እስክርቢቶዬ ቆመ። እናቴ ይኼን ሰምታ አታውቅም ነበር። እኔም። ወር ሙሉ የሽንኩርት ዋጋ ስንደባበቅ፣ እሱ ደግሞ የራሱን ይዞ ኖሯል። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ አንድም ቃል ሳልጨምር ጻፍኩ፤ አራት መስመር ብቻ ሆነ። ከጻፍኩት ሁሉ አጭሩ ነው፤ እንደሱ የከበደኝም የለም።

ሰኞ ወስዶ አስገባው። «ይታያል» አሉት። ይኸው ስድስተኛ ሳምንቱ ነው፤ አሁንም እየታየ ነው። እስኪታይ ድረስ ጠዋት ጠዋት በሰርቪስ ይሄዳል፣ መቁረጫውን ይይዛል። እናቴ ለበዓሉ ያመጣችው ዕቃ የወትሮውን ግማሽ አይሆንም፤ ማታ ማታም ሥራ ሳትጨርስ ትነሳና ፌርማታው ጋ ትሄዳለች። አንዳንዴ እኔም እከተላታለሁ። ሁለታችንም ለምን እንደመጣን አንነጋገርም።

ትናንት ሰርቪሱ ቆሞ አባቴ ሲወርድ ዓይናችን የት እንዳረፈ አየ። ምሳ ዕቃውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ሁለቱንም እጆቹን ፊታችን ዘረጋቸው፤ ጣቶቹን ፈልቀቅ አድርጎ።

«ቁጠሩ» አለ። «አሥር ናቸው።»

«ዝም በል!» አለች እናቴ። «በዚህ አይቀለድም!» ምሳ ዕቃውን መንጭቃ ቀድማን ሄደች።

አባቴ እየሳቀ ተከተላት። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ቆጥሬያለሁ።